ቀለሙ ይቆይ ብዬ ነበር

አሮጌዋ የጭነት መኪና፣ ዚሏ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተንደቅድቃ ጠፋች።

ሰርክአዲስ በእጇ የነበረውን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረችው። «አሁንስ በቃኝ!» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ለራሷም አልታወቃትም። መፍቻው ነጥሮ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በድሩ ጫማ አጠገብ አረፈ።

አቶ በድሩ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «መምህርት፣ የመጣነው የምትሄድ መኪና ልናይ ነው። ይኼ ግን... ብረት ነው። ብረት ደግሞ ለብረት ገዢ ነው። በሚመጣው ሳምንት ተቆራርጣ ትነሳለች።»

«ጠዋት እኮ ግቢውን ዞራለች፣ አቶ በድሩ!»

«ጠዋት እኛ አልነበርንም» አሉና ላንድክሩዘራቸው ውስጥ ገቡ። መኪናው ሰርክአዲስንና ተማሪዎቿን አቧራ አልብሶ በበሩ ወጣ።

ዚሏ ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ ሮቢ ወንዝ ዳር ጥለዋት የሸሹ የጦር መኪና ናት። ፍየል ሲጠለልባት፣ ንብ ሲሰፍርባት ኖራ፣ የሙያ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ትራክተር ለምነው ጎትተው ያመጧት አምና ነው። ሰርክአዲስ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ መኪና ያስተማረችው በጠመኔ ነበር። ፒስተን በጠመኔ፣ ካምቢዮ በጠመኔ። ልጆቹ በዚያ ሙቀት ዝገት ሲፍቁ፣ ብሎን ሲፈቱ ከርመው ገና አሁን እጃቸው የእውነት ዘይት ነካ። ዚሏ ከሄደች ሁሉም ነገር ተመልሶ ወደ ሰሌዳው ነው።

«ካርቦራቶሩን ማን ነው የገጠመው?» አለች ላቧን በክንዷ እየጠረገች።

«ሐምዛ ነው» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ብሩክ።

«ወላሂ ቲቸር፣ እኔ ገጠምኩ እንጂ ያጠበቀው እሱ ነው!» አለ ሐምዛ ከመሪው ኋላ።

«እኔ? እኔ ቀለም ላይ ነበርኩ!»

ቀለም ሲባል ደሟ ፈላ። መጀመሪያ ሞተር፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ቀለሙ ይቆይ ብላ አፏ እስኪደርቅ ነግራቸው ነበር። ትናንት ለስብሰባ ተጠርታ ዞር ስትል ብሩክ ዚሏን የሎሚ ቅጠል አስመሰላት። ጎማው እንኳ አልተረፈም። ዛሬም ሲነካካ አርፍዶ፣ እንግዶቹ በበሩ ሲገቡ ነው ብሩሹን የጣለው።

«ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ባትሪው ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆና ነው የምትጠፋው?» ጮኸች። ሁሉም ለጥፋቱ ባለቤት ሲፈልግለት ለመኪናዋ የሚያስብ ጠፋ።

ከሴቶቹ ተማሪዎች አንዷ አሚራ ግን ክርክሩ ሲሰለቻት መርገጫው ላይ ወጥታ የነዳጅ ጋኑን ክዳን አዞረች። ጋኑ ውሃ ጠምቶት እንደ ቆየ ሰው አየሩን «ሲ-ፍ» አድርጎ ሳበ።

«ቲቸር! ተነፈሰች!»

ሐምዛ ማንም ሳይጠይቀው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ተነሳ። ጠበቁ። አልጠፋም። አሁንም ጠበቁ።

ሰርክአዲስ ክዳኑን ከአሚራ እጅ ነጠቀች። መሀሉ ላይ አየር የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ በአረንጓዴ ቀለም ጥርቅም ብሏል። አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚን አይወርድም። ክዳኑን ብሩክ አፍንጫ ሥር ያዘችለት።

«ይኼንንም ቀባኸው?»

«ከሌላው ጋር አንድ እንዲሆን ብዬ ነው፣ ቲቸር። ጠዋት ግቢውን ከዞረች በኋላ አውልቄ...»

ሰርክአዲስ ክዳኑን ለአሚራ መለሰችላት። አሚራ ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ቀዳዳውን መጎርጎር ጀመረች።

«ሰዎቹ እኮ ገና ሩቅ አልሄዱም!» አለ ሐምዛ። ክዳኑ እስኪገጠም ብቻ ጠብቆ ዚሏን አንቀሳቀሳት።

«ሐምዛ! አጥፋ! ታርጋ የላትም!» የሰማት የለም። ብሩክና አሚራ ከሌሎቹ ጋር ተንጠላጥለው ወጥተዋል። ሮጣ የመኪናዋን በር ከፈተችና ልታስቆመው ሐምዛ አጠገብ ዘላ ገባች።

ዘበኛው ጋሽ ገብረሚካኤል የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ቆመዋል። «ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ዝጉት!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ግን በዱላቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙ። «ፍጠኑ እንጂ! ድልድዩ ጋ ማንጎ ሳይገዛ ያለፈ ሹም አላየሁም!»

አስፋልቱ ላይ ወጡ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ጥግ ያዙ፣ ባጃጆች ጥሩምባ ነፉ። ሐምዛ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ሰርክአዲስ ትንሽ ታገሰች፤ ከዚያ አልቻለችም።

«ቀይር እንጂ፣ አንተ! ሁለተኛ አስገባ! በቀስታ... እንዲያ!»

ላንድክሩዘሩ እውነትም ድልድዩ ጋ ቆሟል። አቶ በድሩ ማንጎ ሻጯ ጠይባ ፊት ጎንበስ ብለው አንዱን ማንጎ ጫን ጫን እያደረጉ ያያሉ። የዚሏ ፍሬን ሲጮህ ቀና አሉ። መኪናዋ ከጠይባ የእንጨት መደብ አጠገብ ደርሳ ቀጥ አለች።

ሐምዛ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«እንዳታጠፋ!» አለችው ሰርክአዲስ።

አቶ በድሩ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸውን ሞተሩ ዋጠው። ደግመው አልሞከሩም። ማንጎውን እንደያዙ አረንጓዴውን ኮፈን፣ አረንጓዴውን ጎማ፣ ላይ የተንጠላጠሉትን ልጆች በየተራ ቃኙ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሰርክአዲስም ታዳምጣለች። አሁን ትጠፋለች፣ አሁን...

አልጠፋችም። ከመንቀጥቀጧ ብዛት የጠይባ መደብ አብሯት ይርገፈገፍ ጀመር። ከክምሩ አናት አንድ ማንጎ ተንከባለለና አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ሌላም ተከተለው። ለማንሳት ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም፤ ጠይባም ብትሆን ሞተሩን እያዳመጠች ነበር።