ቅጠሏን እንዳትነኪ

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ከፍታ ካፖርቱ ጀርባ ላይ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ አላት። የፋብሪካው መጋዘን እስከ ጣሪያው በካፖርት ታጭቋል፤ ቀለሙ ዘንድሮ አልተወደደም ተብሎ ከየሱቁ የተመለሰ፣ ገና ማንም ያልለበሰው። ትእዛዙ ማንም አንስቶ እንዳይለብሰው ጀርባውን ቀዶ መጣል ነበር። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ የቆረጠችው ለመስፋት ነው፤ መቀሷ ሳታስበው ወደ ስፌቱ አመራ።

«እትዬ፣ በስፌቱ አይደለም! ተመልሶ ይሰፋል እኮ። መሃሉን ቅደጂው!» አለ የፈረቃው አለቃ።

«ውጭ ሰው በብርድ እየተንዘፈዘፈ ደህናውን ካፖርት ቅደጂ ትለኛለህ? ግፍ አትፈራም?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ የመጣ ነው። ብቻ አደራ፣ ቅጠሏን እንዳትነኪ! እሷን ቀስ ብለሽ ፍቺና ለብቻ አስቀምጪልኝ። ለሚቀጥለው ልብስ ትሆናለች።»

ቅጠሏ ካፖርቱ አንገትጌ ስር የተሰፋች፣ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጠች አረንጓዴ የጨርቅ ምልክት ነች። «ምድራችንን እንጠብቅ፤ ምንም አይባክንም» የሚል ተጽፎባታል። ሰፊዋ እስከ ዛሬ እሷን በሰፋች ቁጥር ደግ ሥራ የሠራች ይመስላት ነበር። ደሟ ፈላ። ካፖርቱን ገለበጠችና ቅጠሏን በሁለት ጣቷ ይዛ መሃል ለመሃል ቆረጠቻት። ከዚያ ካፖርቱን እንደ አዲስ ልብስ አጣጥፋ አለቃው ክንድ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኸው፣ የሚቀደደውን ቀድጃለሁ» አለችው። «ቀጣዩን አቀብለኝ።»