አንቱታ

እጄ የማሽኑ ዘንግ ላይ ደርቋል። የኤክስካቫተሩ አካፋ ከጉድጓዱ አንድ የዛገ ብረት በጭራው በኩል አንስቶ ይዟል። ካወረድኩት ይወድቃል፣ ከፍ ካደረግኩት ይንሸራተታል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ክንዱ ቀስ እያለ መውረዱ አይቀርም።

የነዳጁ መርፌ ቀዩ ላይ ነው። ጠዋት ነዳጅ ሙላልኝ ስለው ፎርማኑ፣ «ማሽኑ ነው ወይስ አንተ ነህ የምትጠጣው?» ብሎ ሠራተኛ አሳቀብኝ። የታናሽ እህቴ ባል ነው። በዕድሜ ስንት እየበለጥኩት፣ ዘመድ ፊት እንኳ ከ«አንተ» ሌላ ብሎኝ አያውቅም። በሠርጉ ቀን በር ሥር እንዳስቀመጠኝም አልረሳሁም።

አሁን ከአጥሩ ማዶ፣ ከፈንጂ አምካኙ ጋር ቆሟል። ስልኬ ድምፁ ተለቆ ጭኔ ላይ ተቀምጧል።

«ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው?» ይላል አምካኙ።

«የለውም።»

«ጭራው ላይስ? ክንፍ ነገር?»

አንገቴን አሰግጋለሁ። የተጣመሙ ቆርቆሮዎች ይታዩኛል። «አለው። ውፍረቱ በርሜል ያህላል።»

«ክንፍ…» ይላል ለራሱ።

«ምን ለውጥ አለው?» እላለሁ።

«ቀለበት ያለው ከመድፍ የሚተኮሰው ነው። እሱ አብዛኛው ብረት ነው። ክንፍ ያለው ግን ከአውሮፕላን የሚጣለው ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ… ሆዱ ሰፋ ይላል።» ከዚያ አፉን ከስልኩ አርቆ፣ «ሰዉን ከመንገዱ ማዶ አሻግሩ፤ አይ፣ ከዚያም አርቁት» ሲል ይሰማኛል።

ስልኩ እጅ ይለውጣል። ፎርማኑ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል? ሰዎቹ ድጋፍ ይዘው እየመጡ ነው። እርስዎ ብቻ እንዳይነቃነቁ።»

ይህችን «እርስዎ» የምትል ቃል ከዚህ ሰው አፍ ስንት ዘመን ጠብቄያታለሁ። ዛሬ መጣች። አምካኙ የዋጠውን የአደጋውን ልክ እሱ በአንቱታው ነገረኝ።

«ስማ» እላለሁ፣ «እንደ ጠዋቱ አንተ በለኝ።»

«ኧረ ጋሼ…»

«አንተ በለኝ አልኩህ።»

ሞተሩ አንዴ ይስላል፣ ደግሞ ይነሳል። በስልኩ ውስጥ የፎርማኑ ትንፋሽ ይሰማኛል። «አን…» ይልና ያቆማል።

«አይዞዎት» ይላል።