አንገቱ ላይ ያረፈችው ንብ

«እንዳትነቃነቅ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የጀመረችው ቀሚስ ከጭኗ ተንሸራቶ ሲወድቅ። ባሏ ጓሮው ውስጥ፣ ወፎቹ የሚጠጡበት ሳህን ላይ ውሃ ሊጨምር ጎንበስ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አንዲት ንብ አንገቱ ላይ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር። አምና አንዷ ነድፋው፣ ጉሮሮው አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈው።

«መርፌው የት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«መሳቢያው ውስጥ፤ አይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ መሰለኝ።»

«ሐኪሙ ለንብ ንድፊያ የሰጠኝን ነው የምልሽ፣ የልብስ መስፊያውን እንዳታመጪብኝ።»

አልሳቀችም። አንድ እግሯን ወደ ቤት ታነሳለች፣ መልሳ ወደ እሱ ትዞራለች፤ ትታው መግባትም አጠገቡ መቆምም አቃታት። የጓሮውን ሲሚንቶ አስፈንቅላ ያን ሁሉ አበባ የተከለችው እሷ ናት። ለወፍና ለቢራቢሮ ብላ ነበር፤ ንቦቹ ግን ሳይጠሩ መጡ።

ንቧ ክንፏን አራገበችና በረረች። እሱ ገና ቀና ሳይል ሚስቱ ዶማ አንስታ አበባዎቹ ላይ ሰነዘረች። «ዛሬውኑ ነቅዬ እጥለዋለሁ! ገደል ይግባ!»

እጀታውን ያዘባት። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ለዚህ ጓሮ ነው» አላት። «እሱንም ልትነቅዪብኝ ነው?»

ይህን ነግሯት አያውቅም። ዶማውን ለቀቀችና አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ ዙሪያውን ፈተሸች፤ ምንም የለም።

«እስከ ጆሮህ የሚደርስ ኮሌታ ነው የምሰፋልህ» አለችው፤ እጆቿን ግን ቶሎ አላነሳችም።