ኦቦ ገርባን ስታይ የምትለግመው መኪና

መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ደርሳ ቆመች። ይኸው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«አላልኩሽም?» ይላሉ ኦቦ ገርባ መሪውን እንደጨበጡ። «እኔን ስታይ ትለግማለች።»

ከሰበታ ተነስቼ ሱሉልታ ድረስ የመጣሁት ይህችን በባትሪ የምትሄድ የጎልፍ መኪና ልጠግን ነው። ሎጁ እንግዶቹን ከበሩ እላይ አዳራሹ ድረስ የሚያወጣው በእሷ ነው፤ ሹፌሯ ደግሞ ኦቦ ገርባ ናቸው። ስድስቱንም ባትሪ በቴስተር ለካሁ፤ ደህና ናቸው። ሽቦዎቹን አጠበቅኩ፣ ጎማዎቹን ነፋሁ። ብቻዬን ስነዳት ዳገቱን ጭጭ ብላ ወጣችው። እሳቸው ሲይዟት ግን አቅም ታጣለች። ሁለት ሰው ከብዷት እንደሆነ ብዬ ብቻቸውን እንዲነዱ አደረግኩ፤ ያው ነው። ሰው ለይታ የምትለግም መኪና አይቼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጇ ሐኒ ከአዳራሹ በረንዳ ላይ ትጮሃለች። «ሐዋ! ሙሽሮቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባሉ እኮ!»

ጠዋት በር ላይ ስታገኘኝ ያለችኝ ሌላ ነው። ጥፋቱ የመኪናዋ ካልሆነ ኦቦ ገርባን ዛሬውኑ ታሰናብታቸዋለች። እሳቸውም ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ከዚያ ወዲህ «ባትሪው ነው» ማለት አላቆሙም።

ወርጄ የኋላውን ጎማ ቸርኬ ነካሁት። ያቃጥላል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል።

አሃ! ግማሽ ቀን በከንቱ ለፋሁ ማለት ነው።

«ኦቦ፣ ሚኒባስ ስንት ዓመት ነዱ?»

«ሃያ ሁለት። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ። እንጦጦን ስወጣ ስወርድ ለኖርኩት ሰውዬ ይሄ ዳገት ነው እንዴ?»

«ጉዱ እሱ ነዋ! ግራ እግርዎ ማርሽ ሲቀይሩ የሚረግጡት ፍሪሲዮን ላይ ማረፍ ለምዷል። እዚች ላይ ፍሪሲዮን የለም፣ ያለው ፍሬን ነው። በአንዱ እግር ኃይል እየሰጡ በሌላው ፍሬን ከረገጡማ ሲኖትራክም አይወጣ!»

«ሂጂ ወዲያ! ይሄን ሳላውቅ ነው? በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። ግራ እግሬ ወለሉ ላይ ነው።»

አጎንብሼ አየሁ። ግራ ጫማቸው ፍሬኑ ላይ ተጋድሟል።

«እስቲ ያንሱት።»

«ወለል ላይ ያለ እግር ምን ብዬ ላንሳው?»

እየቀለዱ መሰለኝ። ፊታቸውን ቀና ብዬ ሳይ ግን ቀልድ የለበትም፤ እንዲያውም ተቀይመዋል። ካፖርታቸው ከጉልበታቸው በታች ወርዶ እግራቸውን ሸፍኖባቸዋል።

ንዴቴ ጥፍት አለ። ፈራሁ።

«ኦቦ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«ትንሽ። ክኒን እውጣለሁ። ከዳገቱ ጋር ምን አገናኘው፣ ኢንተላ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው። ደህና ሲሆኑ እንዲህ ነው የሚሉኝ።

«ሐዋ! ምን አገኘሽ?» ሐኒ ደረጃውን መውረድ ጀምራለች። መኪናዋ ጤነኛ ናት ካልኳት ሰውዬውን ዛሬ ወደ ቤት ትሰዳቸዋለች። ባትሪው ነው ካልኳት ደግሞ ነገ በዚህ እግር ሰው ጭነው ቁልቁለት ይወርዳሉ።

መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብዬ እጄን ካፖርታቸው ሥር ሰደድኩ። ጫማቸው ስስ ነው። የእግራቸውን አውራ ጣት ከላዩ አገኘሁትና ጨመቅኩት፣ ጥፍሬ ነጭ እስኪሆን። እሳቸው ሐኒ ስትወርድ ያያሉ።

«ኦቦ፣ እግርዎን ልንካው?» አልኳቸው ጣታቸውን ሳልለቅ።

«ንኪው፣ ማን ከለከለሽ?» ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ። «በይ እንጂ፣ ንኪው!»