ሆዱን የሚስበው ደንበኛ

ተመራማሪዋ ሁለቱን መጠይቆች ስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ በእርሳሷ ጫፍ እየተከተለች አስተያየች። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ዛሬ የሰጧት ሃያ መልስ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሰጧት ጋር ፍጹም አንድ ነበር። "ብቸኝነት ይሰማዎታል?" ለሚለው ሰባተኛ ጥያቄ ያኔም "በጭራሽ"፣ ዛሬም "በጭራሽ"። ሁለቴ የጠየቀችው መጠይቋ ይታመን እንደሆነ ልታይ ነበርና ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

"አባባ፣ አንዷም እንኳ አልተዛነፈችም እኮ!"

አዛውንቱ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጫፉን ይዘው ሳቁ። "ልጄ፣ ወገቡን ልለካው ስል ሆዱን የሚስብ ደንበኛ ነበረኝ። አሥር ጊዜ ብለካው አሥር ጊዜም ያው ቁጥር ነው። ሱሪው ግን አልቆለፍ ይለዋል።"

እርሳሷ ባለበት ቀጥ አለ። ሰባተኛውን ጥያቄ አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ እሳቸውን አየች።

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ፣ በወሬ ጠመድኩታ! ወሬው ሲጥመው ሆዱን ረሳው። ያኔ ለካሁት።"

ሁለቱን ወረቀቶች አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እርሳሱንም አስከተለች። ከዚያ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች።

"እሺ አባባ፣ ትናንት እንዴት ዋሉ?"

አዛውንቱ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉት ጀመር። ጠቅልለው ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ትናንትማ የምትመጪው ትናንት መስሎኝ፣ በሩን ከፍቼ ስጠብቅሽ ዋልኩ።"