የቅዳሜው ሽሮ

ባሌ ጨው እንኳ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን በየቅዳሜው የታሸገ ሽሮ ይዞ ይመጣል፤ ሁሌም ያንኑ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ ያለበትን።

«የሱቅ ሽሮ ምን አመጣው? እኛ ቤት ዘሯ ካልታወቀ ሴት እጅ ተበልቶ አያውቅም» አልኩት።

«ድካም ይቀንስልሽ ብዬ ነው» አለና ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ በላ። የኔን ሽሮ እንዲህ ጠርጎት አያውቅም።

ነገሩ አልጥመኝ አለ። ዛሬ እሽጉን ገልብጬ ሳየው የአዘጋጇ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። እሱ ገላውን ሲታጠብ ቁጥሩን በራሱ ስልክ ላይ መታሁት። ጽፌ ሳልጨርስ «ሽሮ» የሚል ስም ብቅ አለ። ለካ መዝግቧታል! የት እንደምትደርሺ አያለሁ ብዬ ደወልኩና ዝም አልኩ።

የጠበቅሁት የወጣት ድምፅ ነበር።

«አቤት ሽብሬ» አለች አንዲት አሮጊት፣ የባሌን ስም አቆላምጣ። «ሽሮው አለቀ እንዴ ልጄ?»

ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ዞርኩ።

«ምነው ዝም አልክ? እናቴ አልሞተችም ብለህ ለሚስትህ ነገርካት?»