የተናኘወርቅ ቸኮሌት

በ1962 ዓ.ም. ክረምት የልብስ ሰፊው የተረፈ ሚስት ተናኘወርቅ አልጋ ከያዘች ወር አልፏት ነበር። ቆጮው አልወርድ አላት፤ አጥሚቱም እንደዚያው። በጃንሆይ ልደት ሰሞን ተረፈ አቅፎ ሲያነሳት እንደ ሕፃን ቀለለችው። ቡታጅራ ያለው ሐኪም ቤት የሰጣት ኪኒን አልቋል፤ የቀረው ጸበልና ተስፋ ነበር።

ልጃቸው አደይ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። በነሐሴ መጀመሪያ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አንድ ካርቶን ላከች። ውስጡ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ቸኮሌት ነበር፤ ደብዳቤም አለው።

«ሐኪሙ፣ ስኳር ያልበዛበት መራራው ለልብም ለደምም ጥሩ ነው፤ ምግብ እንቢ ላለውም ጉልበት ይሆናል ብሎኛል። እማዬ ጠዋት አንድ ቁራሽ፣ ማታ አንድ ቁራሽ ትብላ።»

ተረፈ ቆርሶ ሊያጎርሳት ሲል ተናኘወርቅ ፊቷን መለሰች።

«ሰው እያየኝ አልበላም። እዚህ አስቀምጠውና አንተ ወደ ሥራህ ሂድ።»

አስቀምጦላት ወጣ። ሲመለስ ወረቀቱን ባዶውን ትራሷ ጎን አገኘው።

«እንዴት ነው?»

«ይመራል። ግን ይወርዳል።»

ያን ቀን ተረፈ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሲያንጎራጉር ዋለ። ከሰኔ ወዲህ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ተናኘወርቅ ከአልጋዋ ሆና አዳመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ዳመና የሚሉትን ግራጫ ውሻቸውን ወደ ውስጥ እንዲያስገባላት ለመነችው። «እግሬን ያሞቅልኛል» አለች። ተረፈ ውሻ ቤት ሲገባ አይወድም፤ ያን ሰሞን ግን የጠየቀችውን ሁሉ ያደርግላት ነበር። ፊቷ የወዛ መሰለው። አርብ ገበያ ላገኘው ሰው ሁሉ «ጠዋትና ማታ ትበላለች እኮ» ይላል።

ዳመናን አጥብቆ የሚጠላው ከአጥር ማዶ ያለው ባልቻ ነበር። ውሻው ሁለት ዶሮ ፈጅቶበታል። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ «ይህ ውሻህ መስቀልን አያያትም» አለ። ተረፈ ሳቀ። ባልቻ አልሳቀም። የሃያ ዓመት ጎረቤት ነው፤ ተናኘወርቅን በየቀኑ እየመጣች የምታጥባትና የምታገላብጣትም የእሱ ሚስት ዘርፈሽዋል ነበረች።

በጳጉሜ አደይ ሁለተኛ ካርቶን ላከች፤ ይኼኛው ወፋፍራምና ብዙ ነው። በዚያው ሳምንት ከአገና የአክስቱ ልጅ መርዶ መጣ። ተረፈ ካርቶኑን አልጋዋ አጠገብ አድርጎ፣ ሚስቱን ለዘርፈሽዋል አደራ ሰጥቶ ለለቅሶ ተነሣ።

«እስክመጣ ጨርሰሽ ጠብቂኝ» አላት።

«እሺ» አለች። «ደስ ይበልህ ብቻ።»

በአራተኛው ቀን ሲመለስ ካርቶኑ ባዶ ነበር። ደስታው ግን አልቆየለትም። ዳመና ጓሮ ወድቋል። ውኃ ይጠጣል፣ ያስመልሳል፣ እንደገና ይጠጣል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልቡ ከጎድኑ ስር ሲዘል በዓይን ይታያል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ተናኘወርቅ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች።

ተረፈ በቀጥታ ከድሮ ወደሚባለው ባለሱቅ ሄደ።

«ባልቻ መርዝ ገዝቷል?»

«የአይጥ መርዝ ማክሰኞ ዕለት ወስዷል» አለ ከድሮ። «ጎተራዬን ጨረሱት ብሎ።»

ባልቻን ደጁ ላይ አገኘው።

«ምን አበላኸው?»

«ለአፌ ያህል ነው ያኔ የተናገርሁት፣ ተረፈ። በማርያም እጄ የለበትም።»

«በማርያም አትማል። ከእንግዲህ አንተም ሚስትህም ደጄን እንዳትረግጡ።»

ዘርፈሽዋል መምጣቷ ቀረ። አንድ ጠዋት አጥሚት ይዛ አጥሩ ጋ ቆማ፣ ማንም ሳይጠራት ተመለሰች። ተረፈ ሚስቱን ራሱ ያጥባት ጀመር። ጨርቁ የጎድን አጥንቷ ላይ ሲንሸራተት «በሽታው እየለቀቃት ነው፤ ሲለቅ እንዲህ ያከሳል» እያለ ራሱን ያጽናናል።

«ባልቻን ተወው» አለችው ሁለት ሦስት ጊዜ።

«አንቺ ልብሽ ደግ ነው» ይላታል።

ለመስቀል አደይ መጣች። ሌላ ካርቶን ይዛለች። እናቷን ስማ ከተቀመጠች በኋላ «ዳመናስ?» አለች።

ተረፈ ሁሉንም ነገራት፤ ዶሮዎቹን፣ ዛቻውን፣ መርዙን፣ ውሻው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ። አደይ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ ከቸኮሌቱ በልቶ ነበር? ለሰው ጤና የሚሰጠው ለውሻ መርዝ ነው። የሐኪማችን ውሻ ልክ እንዲህ ተንቀጥቅጦ ነው የሞተው።»

«የእናትሽን መድኃኒት ለውሻ የምሰጥ ይመስልሻል?» አለ ተረፈ። «እሷ ናት የጨረሰችው። ፍርፋሪ እንኳ አላስተረፈችም።»

አደይ ቀስ ብላ ወደ አልጋው ዞረች። ተናኘወርቅ ዓይኗን ጨፍናለች።

«የአደይ አባት፣ ሂድና ባልቻን ይቅርታ ጠይቀው» አለች። «ለእኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ቁራሽም አልወረደችልኝም።»